ሰባት ቤት በዳማ ጀርባ

ቆንጆ ናት ብዬ አልዋሻችሁም። ንጋቷ በማለዳ ወተቷን ጭና በደብረ ብርሃን ጎዳና ብቅ ስትል ሰው መጀመሪያ የሚስቀው በብስክሌቷ ነው። እንደ ዛሬዎቹ የሚያብረቀርቅ ነገር የላትም፤ ከፊትም ከኋላም የሚነጥር ስፕሪንግ የላትም፤ ማን እንደሠራት የሚናገረው ጽሑፍ እንኳን ተፍቆ ጠፍቶባታል። ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች፣ ሁለት ሰፋፊ ጎማዎች፣ አለቀ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ለተራራ ተብላ የተሠራች፣ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ያረጀች ብረት ናት።

ንጋቷ ያገኘቻት ከቁራሌው ጋሪ ላይ ነው። ሰውዬው ከተቦደሰ በርሜልና ከተጣመመ ቆርቆሮ ጋር ጭኖ ወደ ማቅለጫ ሊሸኛት ነበር። ስታስቆመው "ይቺን ደግሞ ምን ልታደርጊያት ነው?" ብሎ ሳቀባት። ሳቀም አልሳቀ፣ ለአንድ ጠቦት መግዣ በማይበቃ ብር ሸጦላት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት ነበር! በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቃት ከሰማያዊው ቀለም ሥር አረንጓዴ ወጣ፤ ከአረንጓዴው ሥር ጥቁር፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ ቀላ ያለ ዳማ ቀለም። የንጋቷ እጅ ባለበት ቆመ። ወለጋ እያሉ አባቷ ስንታየሁ አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረችው። ከዚያች ቀን ወዲያ ሌላ ስም አልፈለገችላትም፤ ዳማ አለቻት፣ ዳማ ሆና ቀረች።

ስንቱን ቻለች መሰላችሁ! ሁለት ጀሪካን ወተት ከኋላዋ ታስሮባት በኮብልስቶኑ ላይ ስትወርድ፣ ወተቱ ሳይናጥ ይደርሳል። ብረቱ ድንጋይ ሲመታው ትንሽ እሺ ይላል፣ ከዚያ ቦታው ይመለሳል። የኋላ መጫኛዋ አንዴ ቢሰነጠቅ መናኸሪያው ጀርባ ያለው በያጅ ቆሞ ሳትጠብቀው በይዶ መለሰላትና "እንዲህ ያለ ብረት አሁን አይመጣም፤ ተጠንቀቂላት" ብሎ መከራት። ንጋቷ ምክር አላስፈለጋትም። ከሚኖሩበት የመጠለያ ሸራ ውጪ አሳድሪያት ብትባል እሷ ራሷ ውጪ ታድር ነበር።

ገብረአብንም ያመጣላት ይቺው ዳማ ናት። ገብረአብ የአንኮበሩ የመምሬ ወልደአረጋይ ልጅ ነው፤ ዲያቆን ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ደግሞ ሂሳብ ያስተምራል። ውርጭ ሣሩን ያነጣበት አንድ ጠዋት፣ ንጋቷ ካፌ በር ላይ ጀሪካኗን ስታወርድ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

"እህቴ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ብነካት ይከፋሻል?"

"ማንን?" አለችው ዓይኗን አፍጥጣ።

"ብስክሌቷን።"

ጎንበስ አለና የላይኛውን ቱቦ በጥፍሩ ኳ አደረገው። ብረቱ ጥርት ያለ ረጅም ድምፅ ሰጠ። "ሰማሽ? ደወል እኮ ናት!" አለ ፊቱ በርቶ።

"ሰው ሁሉ ትከብዳለች ነው የሚለኝ።"

"ሰው ሁሉ ተሸክሟት ያውቃል እንዴ? የምትሸከመው እሷ!"

ንጋቷ ሳቀች። ከወለጋ ከተፈናቀሉበት መከራ በኋላ እንዲያ ከልቧ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀድሞ የወደደው ብስክሌቷን መሆኑን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። ግን በማግስቱም መጣ፤ በሳምንቱም መጣ። ዓይኑ ከቸርኬው ወደ መሪው፣ ከመሪው ወደ ፊቷ የሚወጣበትን መንገድ ሁለቱም ያውቁት ነበር። 

እንግዲህ ችግሩ የመጣው ከአንኮበር ነው።

መምሬ ወልደአረጋይ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርላቸው። ልጃቸው እሳቸው ያገለገሉበት መቅደስ ገብቶ ቅስናውን እንዲቀበል ይመኛሉ፤ ዲያቆን ደግሞ ሳያገባ አይቀስስም። ገብረአብ የወደድኳት ልጅ ከተፈናቃዮች መጠለያ ናት ብሎ ሲነግራቸው "ድሃ ናት" አላሉም፤ "ከየት የመጣች ናት" አላሉም። አንድ ነገር ብቻ አሉ።

"ሰባት ቤት ትቁጠር።"

ምክንያት አላቸው። የመምሬ እናት ዘሮች ከሚንጃር ናቸው። የንጋቷ አባት አያትም ከሚንጃር ተነስቶ ነው ወደ ምዕራብ የሄደው። ዘመድ ቢሆኑስ? "ዘመድ ከዘመድ አጋብቼ በየትኛው እጄ ነው ቁርባን የማቀብለው?" አሉ። በንጋቷ እናት በኩል ያለው ተቆጥሮ ነጻ ወጣ። በአባቷ በኩል ግን ንጋቷ ከአያቷ አባት ከገብረ ጻድቅ ወዲያ አታውቅም። የሚያውቀው አባቷ ነበር። አባቷ ደግሞ ከወለጋ ሲሸሹ፣ በረት ውስጥ የታሰሩትን ከብቶች ልፍታቸው ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ገብረአብ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያገኛት ዓይኑን ከዳማ የፊት ጎማ ላይ አላነሳም።

"ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ አባባ ሽማግሌዎች ይጠራል" አላት። "ወደ ደብረ ሲና ሊልካቸው ነው። የአንድ ቄስ ልጅ አለች።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። እስክደውል አትደውዪልኝ።"

እስክደውል! አንዲት ሴት ይህን ሰምታ ምን ትላለች? ንጋቷ ጀሪካኖቿን አሰረች፣ ፔዳሉን ረገጠች፣ ጠመዝማዛውን እስክታልፍ ወደኋላ አላየችም። ከጠመዝማዛው ወዲያ ግን ዓይኗ መንገዱን አላይ ብሏት ወርዳ መግፋት ጀመረች። ቀናት አለፉ፤ አልደወለም። እልኋን ዋጥ አድርጋ ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ወንድ ሲሸሽ እንዲህ ነው የሚሸሸው ብላ ልቧን ዘጋች። ልቧ ግን አልዘጋ አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዳማን ገልብጣ ካቴናዋን በናፍጣ ታጥብ ጀመር። ሆዷ ሲባባ የምታደርገው ይህንን ነው። እናቷ ወይዘሮ አልታየች ከሸራው ወጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። "ከሸራው" የምለው እኔ ሳልሆን አልታየች ናት። ዓመታት የኖሩበትን መጠለያ አንድም ቀን ቤት ብላ ጠርታው አታውቅም። ቤት ባሏ ያለበት ነው፤ ባሏ ደግሞ ይመጣል። ሞቷል የሚላት ሰው ሲመጣ "ሬሳውን አይተሃል?" ትለዋለች። ነጠላዋንም እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ አታውቅም።

"ንጋቴ" አለች አልታየች። "ይቺ ብረት ስንት ትሸከማለች?"

"ሁለት ጀሪካን ሙሉ ወተት።"

"እኔ ከሁለት ጀሪካን እከብዳለሁ?"

ንጋቷ ቀና ብላ አየቻት። "ወዴት ልትሄጂ ነው እማዬ?"

"አንኮበር። ነገ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይላኩ።"

"ምን ልታደርጊ? ደግሞስ ሚኒባስ እያለ..."

"መናኸሪያ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ወሩ ጥር ነው፤ ሚኒባሱን ሁሉ ሰርገኛ ኮንትራት ይዞታል። ነገ ወደዚያ የሚሄድ የለም ብለውኛል።" አልታየች የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ፈታች፤ ደግማ ጠቀለለች። "ያ ልጅ መጥቶ ነበር።"

"የትኛው ልጅ?"

"የትኛው ትላለች ደግሞ! ዲያቆኑ ነዋ። አንቺ ወተት ለማድረስ ወጥተሽ። እናቴ፣ ባለቤትዎ ሰባት ቤታቸውን ሲቆጥሩ ሰምተው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሲመጣ ራሱን ትጠይቀዋለህ ብዬ አባረርኩት። እሱም እሺ እናቴ፣ እንግዲያው አረርቲ ወርጄ የሚንጃር ሽማግሌዎችን በየደብሩ እጠይቃለሁ ብሎ፣ ጉልበቴን ስሞ ሄደ። ስልኩን የዘጋው ጠልቶሽ አይደለም ልጄ። አንቺን ፍለጋ ነው የሄደው።"

ንጋቷ ናፍጣ የነካው እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እና እስከ ዛሬ ዝም አልሽኝ? ስቃጠል እያየሽ?"

"አውቃለሁ። ጨካኝ እናት ነኝ።"

"አላልኩም።"

"እኔ ልበለው።" አልታየች ዓይኗን ወደ ሩቁ ባሕር ዛፍ ወረወረች። "የአባትሽን ሰባት ቤት አውቀዋለሁ ንጋቴ።"



"የአባትሽ አባት ሲሞት አልቃሿ አንድ በአንድ እየጠራች ሙሾ ስታወርድ ሰምቼ ነው የያዝኩት። እንዲሁ ቁጠሪ ብትዪኝ አይመጣልኝም፤ ሞክሬዋለሁ። በዜማ ካልሆነ ከአፌ አይወጣም። በዜማ ካወጣሁት ደግሞ... ሙሾ አወረድኩለት ማለት ነው። ቀበርኩት ማለት ነው።"

"ይቅር እማዬ" አለች ንጋቷ። የምሯን ነበር። "ይቅር በቃ። እኔም ይቅርብኝ።"

"አይቀርም። እኔ የሌለውን ስጠብቅ ያለውን ላሳጣሽ? እዚህ ሆኜም አልለውም። ሰባት ቤት በሽማግሌ ፊት ነው የሚቆጠር፤ ለቅሶም ለቀስተኛ ይፈልጋል። እዚያ ሁለቱም አሉ።" ከዚያ የዳማን ጎማ በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ጎማው ያለ ምንም ድምፅ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። "አንቺ ግን ካቴናዋን አጥብቂልኝ። ወድቄ ብሰበር መሳቂያ ነው የምሆነው።"

ጎህ ሳይቀድ ተነሱ። ንጋቷ የዳማ የኋላ መጫኛ ላይ ጋቢ አጣጥፋ አነጠፈች፤ እናቷን አስቀመጠች። አልታየች የንጋቷን ወገብ እንደ ልጅ አጥብቃ ያዘች። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። የመጀመሪያውን ዳገት ሲጀምሩ ንጋቷ ማርሹን እስከ መጨረሻው አቀለለችና ፔዳሉን ረገጠች፤ ዳማ አንዴ ቋ አለች፣ ያዘች፣ ተነቃነቀች።

እንዲህ ያለች ነገር ሰው ብትሆን ትሸለም ነበር! ሁለት ሴት ተሸክማ፣ ንፋሱ ከፊት እየገፋት፣ ቱቦዎቿ አልተንሻፈፉም፤ መሪዋ አልተወላገደም። ንጋቷ ጉልበቷ ሲዝል ብረቱ ከሥሯ ሲገፋት ይሰማታል፤ እንዲያ ነው የሚሰማት፣ እኔ ምን ላድርግ። መንገድ ዳር ገብስ የሚወቁ ሰዎች አውድማቸው ላይ ሆነው ተጣሩ።

"እመዬ! ፈረስ ጠፍቶ ነው?"

"ፈረስማ ይደክማል!" መለሰች አልታየች። ሰዎቹ ሳቁ። ንጋቷም ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ እንባ ነበረበት።

ረጅሙ ዳገት ላይ ትንፋሿ አልቆ ወረደች። እናቷም ልትወርድ ስትል "ቁጭ በይ" አለቻትና እንደተቀመጠች ገፋቻት። ከላይ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጉም ከገደሉ ሥር ተነስቶ መንገዱን ሸፈነው፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን ቆንጠጥ አድርጋ ስትወርድ ጉሙ የደበቀው ጉድጓድ ውስጥ የፊቱ ጎማ ዘው አለ። ጓ! ድምፁ ገደሉን ዞሮ ተመለሰ። ንጋቷ "አለቀላት! ተሰበረች!" ብላ ዘላ ወረደችና የፊተኛውን ሹካ፣ ቱቦዎቹን፣ ብየዳውን በእጇ ዳበሰች። ከተላጠ ቀለም በቀር ምንም የለም። በጥፍሯ ኳ አደረገችው። ያው የቀድሞው ድምፅ፣ ጥርት ያለ።

አልታየች ጋቢው ላይ እንደተቀመጠች አየቻት። "አባትሽ" አለች ቀስ ብላ፣ "እንዲህ ያለ ነገር ይወድ ነበር።"

ይወድ ነበር! እናቷ ስለ አባቷ በኃላፊ ጊዜ ስትናገር ንጋቷ ከዚያ በፊት ሰምታት አታውቅም። ጉሙን ተገን አድርጋ ጉንጯን ጠረገችና መልሳ ወጣች።

የመምሬ ወልደአረጋይ ግቢ ሲደርሱ ቅዳሴው ወጥቶ፣ ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረዋል። ጠላው ተቀድቷል። ወደ ደብረ ሲና የሚሄደው መልእክት ሊነገራቸው ነው። ከበሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ገብረአብ ቆሟል። ፊቱ በቆላው ፀሐይ ተቃጥሏል፤ ጫማው አፈር ብቻ ነው፤ አንድ እግሩን እንደ ቁስለኛ አንስቶ ይዟል። ሌሊቱን ከአረርቲ ባዶ እጁን ገብቷል። ዓይኑ ከንጋቷ ዓይን ጋር ገጠመ። እሷ የዚያን ሁሉ ቀን ቂሟን ፈለገችው፤ አጣችው።

ያኔ አልታየች ከግቢው በር ላይ ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጥለቱን ፈልጋ በእጇ ያዘችና ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችው።

ሽማግሌዎቹ አንድም ሰው ሳያዛቸው ብድግ አሉ። ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት በር ላይ ስትቆም ማን ይቀመጣል?

"እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ" አሉ መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ወደ እሷ እየተራመዱ። "ማን አረፈብሽ?"

"ባለቤቴ።"

"መቼ?"

"ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል መምሬ። ለእኔ ግን የሞተው ዛሬ ነው።" መስቀሉን ተሳለመች። "የንጋቷ እናት ነኝ። የባለቤቴን ሰባት ቤት ልቆጥርልዎ መጣሁ። ግን አላለቀስኩለትም ነበር። ይፍቀዱልኝና ለቅሶዬን ላስቀድም።"

መምሬ ወደኋላ አንድ እርምጃ ተራመዱና ቦታ ለቀቁላት። አልታየች እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች።  ድምፅዋ መጣ፤ ቀጭን፣ እንደ ቆየ በር እየተንቋቋ፣ ከዚያ ጎላ ብሎ፣ ግቢውን ሞላው።

*ስንታየሁ ኃይለ ገብርኤል የገብረ ጻድቅ ዘር፣*
*ሬሳህን ሳላየው ስምህን ልቅበር።*

*የወርቅአገኘሁ ቤት የማኅደረማርያም፣*
*በር ከፍቼ ብጠብቅ መጣሁ አላልክም።*

*ከእንግዳወርቅ ወርዶ ከደምሰው የመጣ፣*
*ልጅህ ደጅ ቆማለች አንተ ብትታጣ።*

ሙሾው ሲያበቃ ንጋቷ ሮጣ አቀፈቻት። "አባዬ!" የሚለው ቃል ከንጋቷ አፍ ሲወጣ ለራሷ እንግዳ ሆነባት፤ ስንት ዘመን እናቷን እንዳታሳዝን ስትል ውጣው የኖረችው ለቅሶ ነው። ሽማግሌዎቹ አላወቁትም፣ አንድም ቀን አላዩትም፣ ግን ለስንታየሁ አለቀሱለት። አንዱ አዛውንት ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው "ወንድሜን! ወንድሜን!" አሉ። ያ ከብቶቹን ልፍታ ብሎ የተመለሰ ሰው፣ አፈር ያለበሰው ሳይኖር የቀረ ሰው፣ አንኮበር ላይ ለቀስተኛ አገኘ።

መምሬ ብቻ አላለቀሱም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አውራ ጣታቸው በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ይሄዳል። የልጃቸውን ቤት በአንድ እጅ፣ የስንታየሁን ቤት በሌላው እየቆጠሩ ነው። ገብረአብ ግድግዳውን ለቆ አባቱን ያያል። ንጋቷ እናቷን እንዳቀፈች የመምሬን ጣት ታያለች። ጣታቸው ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ።

"አይገናኙም" አሉ መምሬ።

ማንም አልጮኸም፤ እልልታም አልነበረም። ለቅሶ ላይ እልል አይባልም። ንጋቷ ግን ከሰውነቷ አንድ ትልቅ ሸክም ሲወርድ ተሰማት፤ እግሯ መሬቱን የነካው ያኔ መሰላት።

"ሽማግሌዎቼ" አሉ መምሬ ወደ አግዳሚው ዞረው፣ "የጠራኋችሁ ለሌላ ጉዳይ ነበር። ተትቷል። ጠላው ይነሳ፤ ንፍሮ ይቀቀል። ተቀመጡ፤ ለቅሶ ቤት ነን።"

ንፍሮው እስኪበስል ንጋቷ ከግቢው በር ወጥታ ዳማ አጠገብ ቆመች። ገብረአብ እያነከሰ መጣ። በመካከላቸው ብስክሌቷ አለች፤ መጀመሪያ ቀን እንደነበረው።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

"ባዶ እጄን ብመለስስ? ተስፋ ሰጥቼሽ መልሼ ልንጠቅሽ?"

"እኔ ተስፋ አምጣልኝ አልኩህ? ድምፅህን ነው የፈለግኩት ገብረአብ። 'አላገኘሁም' የሚል ድምፅም ቢሆን ይበቃኝ ነበር።"

ዓይኑ ሞላ። "ጥፋቴ ነው" አለ። "አረርቲ ስንት ደጅ ረገጥኩ መሰለሽ። ማታ ማታ ስልኩን አውጥቼ አየዋለሁ። ከፍቼ ድምፅሽን ከሰማሁ ሁሉን ትቼ ወደ አንቺ እንደምሮጥ አውቃለሁ። ፈራሁ።"

"ሁለተኛ ስልክህን ብትዘጋብኝ በዳማ ነው የምገጭህ።"

"ልገጭ" አለ፣ እንባውም ሳቁም አንድ ላይ መጡበት። ከትከሻው ነጠላውን አውርዶ፣ ያን ለቅዳሴ የለበሰውን ነጭ ነጠላ፣ በርከክ ብሎ የዳማን አቧራ ይጠርግ ጀመር። ንጋቷ "ተው፣ ይቆሽሻል!" ብትለው አልሰማትም።

መምሬ ከኋላቸው ቆመው ሲያዩ አላወቁም ነበር። ገብረአብ ደንግጦ ተነሳ። መምሬ ግን እሱን አላዩትም፤ ብስክሌቷን ዞሯት። የተላጠውን ቀለም አዩ፣ ብየዳውን አዩ፣ የተነጠፈውን ጋቢ አዩ።

"እናትሽን ከደብረ ብርሃን ያመጣሽው በዚህች ነው?"

"አዎ መምሬ።"

"ያንን ዳገት?"

"ያንን ዳገት።"

መምሬ በመስቀላቸው ጫፍ ቱቦውን ነካ አደረጉት። ብረቱ ጠራ። ፊታቸው ላይ አንድ የልጅ ነገር ብልጭ አለ። "ግሩም ነው! የማን ሥራ ናት?"

"አይታወቅም መምሬ። ሳገኛት ስሟ ተፍቆ ነበር።"

"ኧረ ይህን የተሸከመች ስም ምን ያደርግላታል!" አሉ መምሬ። ብለውም ዝም አሉ። ከአፋቸው የወጣውን ራሳቸው የሰሙት ዘግይተው ነው። ንጋቷን አዩዋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋት። ከዚያ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጫኑ፤ እጃቸው ከብዶ ቆየ።

በማግስቱ ለስንታየሁ ፍትሐት ተደረገ። እናትና ልጅ ሊሄዱ ሲነሱ መምሬና ሽማግሌዎቹ እስከ መንገዱ ሸኟቸው። ሚኒባስ ተገኝቶ ነበር፤ አልታየች ግን "ያመጣችኝ ትመልሰኝ" ብላ ዳማ ላይ ተቀምጣለች። ገብረአብ ከኋላ ሊገፋ እጁን መጫኛው ላይ አድርጓል።

"ወይዘሮ አልታየች" አሉ መምሬ። "ሰርጉ ከፋሲካ ወዲያ ይሁን። ሽማግሌዎቼ ግን ጾሙ ሳይገባ ይመጣሉ። አገሩን አያውቁትም። የቱን ብለው ይጠይቁ?"

ንጋቷ ቶሎ ብላ ልትመልስላት ነበር፤ መጠለያው ጋ፣ ከውኃ ቦቴው አጠገብ፣ ሦስተኛው ሸራ ልትል። እናቷ በእጇ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻትና ቀደመቻት።

"የስንታየሁ ኃይለ ገብርኤልን ቤት ብለው ይጠይቁ" አለች አልታየች። "ቤቱን ሰው ያሳያቸዋል።"

ንጋቷ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ቤቱ! ሸራ የማያስቀረው ንፋስ፣ ዝናብ የሚያንጠባጥበው ጥግ፣ ዳማ የምታድርበት ያ ጠባብ ቦታ፣ በእናቷ አፍ ቤት ሆነ፤ የአባቷ ቤት።  ፔዳሉን ረገጠች፤ ገብረአብ ከኋላ ገፋ፤ ዳማ እናትና ልጅን ተሸክማ ዳገቱን ጀመረች።